የአቶ መልከጼዴቅ ግራ እጅ

አቶ መልከጼዴቅ ከማንኛውም ጠረጴዛ ሲነሡ እጃቸውን አንዴ ጧ አድርገው ያጨበጭቡና መዳፋቸውን ወደ ጣሪያው ገልበጥ ያደርጋሉ። ዕድሜያቸውን ላስ ቬጋስ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ሲያድሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ዲለር፣ ካርታ አዳዩ ማለት ነው፣ ከጠረጴዛው ሲለቅ፣ «ምንም አልወሰድኩም» ለማለት፣ ከላይ ለሚያየው ካሜራ ባዶ እጁን ማሳየት ግዴታው ነው። እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ ካሜራው ቀረ፣ እጃቸው ግን ወሬውን አልሰማም። ከምሳ ሲነሡ ጧ፣ ገልበጥ። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ቀምሰው ሲነሡ ጧ፣ ገልበጥ። በልጃቸው በሮሐ ሠርግ ላይ ኬክ ቆርሰው እንዲያ ቢያደርጉ፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከሰመርሊን የመጡት የሙሽራው ዘመዶች «ሰውዬው ምን ወስዶብን ነው?» ብለው ሹካ ቆጠሩ ይባላል። እኔ አልነበርኩም። የነገረችኝ ግን ሹካ ቆጣሪዋ ራሷ ናት።

ታዲያ እኚህ ሰው አንድ ማክሰኞ ከካርታ ጠረጴዛችን ሲነሡ አላጨበጨቡም። ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቀስ ብለው ሄዱ።

አብረውን የሚጫወቱት ወይዘሮ አስካል ክንዴን በክርናቸው ወጉኝ።

«አየህ?»

«ምኑን?»

«አንተማ ምን ታያለህ፣ ሾፌር ነኝ ትላለህ እንጂ!»

እውነት ነው፣ ሾፌር ነኝ። እነሱ የሚኖሩበት የአረጋውያን ቤት ቫን በእኔ እጅ ነው። በሁለት ጉዞ መሀል እየገባሁ ከሁለቱ ጋር ኮንከር እጫወታለሁ። ካርታ ማስማማት፣ መዘርጋት፣ መከራከር ነው ሥራችን። ከእኔ በፊት በዚህ ወንበር የነበሩት አቶ ተስፋሚካኤል ሦስተኛ ፎቅ ስለወጡ ነው ቦታውን ያገኘሁት። በገንዘብ መጫወት በቤቱ ክልክል ነው፤ ስለዚህ የተሸነፈ ሰው ቅጣቱ የሜሪ ፊኛ ነው። ሜሪ ሽማግሌዎቹን የምታጫውት አሜሪካዊት ናት። ወንበር በክብ ትደረድርና ፊኛ ታስመታለች፣ መሬት ሳይነካ። ወይዘሮ አስካል ሰሞኑን ደጋግመው ተሸንፈው፣ ዘጠና ዓመት የደፈኑ ፊሊፒናዊት አሮጊት ፊታቸውን በፊኛ መተዋቸዋል። ቂሙ የመጣው ከዚያ ነው።

ደግሞ ከካርታችን አንዱ ጆከር ከጠፋ ሰንብቷል። አሁን የጠፋ ጆከርና ኪስ የገባ እጅ ወይዘሮ አስካል ፊት አብረው ሲቀርቡ፣ ሌላ ምስክር ማን ይፈልጋል?

እሳቸው የሆቴል ክፍል ሲያጸዱ የኖሩ ናቸው። «የሰው አልጋ ገልጦ ያየ፣ ሰው አያምንም» ይላሉ። የቤቱን ቡና ካፌይኑን አውጥተው ነው የሚያጠጡን ይላሉ። የሜሪን ፈገግታ ይጠረጥራሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሦስተኛውን ፎቅ ይጠረጥራሉ። አቶ ተስፋሚካኤል የሻይ ኩባያ ከእጃቸው በወደቀ ሰሞን ስለሆነ ወደዚያ የወጡት፣ «እጁ የደከመውን ነው የሚያወጡት፣ እዚያ የወጣ አይወርድም» ብለው አስወሩ። እኔም ተቀበልኩ። ወሬ ሲመጣልኝ መታወቂያ አልጠይቅም።

በማግስቱ አስካል ወጥመድ ይዘው መጡ። ካርታውን ወደ አቶ መልከጼዴቅ ገፋ አደረጉት።

«ዛሬ እርስዎ ይበውዙልን።»

«ሾፌሩ ይበውዝ፣ ወጣት ነው» አሉ መልከጼዴቅ። ሃምሳን አልፌያለሁ። አሁን ሳስበው፣ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል ለእኔ ማስበወዝ ከጀመሩ።

«እርስዎ ይበውዙ አልኩ እኮ። የሚያምር አበዋወዝ ነበረዎት፣ ምን ነካው?»

«ክንዴን ትንሽ ብርድ መታኝ።»

«በሐምሌ? በላስ ቬጋስ ቃጠሎ?»

«ኤሲው ነው።»

«አቶ መልከጼዴቅ» አሉ አስካል፣ ድምፃቸውን እንደ ዳኛ ዝቅ አድርገው፣ «ሐቀኛ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ቁማር የተከለከለበት ቦልደር ሲቲ ነበር የሚኖሩት። እጅዎን ያውጡ! ጆከሬን ያውጡ!»

አቶ መልከጼዴቅ ፊታቸው ተለወጠ። ንጹሕ ሰው ሲቆጣ እንደዚያ ነው ወይስ የተያዘ ሌባ? እኔ እንጃ፣ ሁለቱም ይቀላሉ። እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሁለት ጣቶቻቸው ወደ መዳፋቸው ታጥፈው ጭብጥ እንዳሉ ቀርተዋል። አስካል ዘለው ያዙት፣ ጣቶቹን ሊከፍቱ ሳቡ። አልተከፈተም። አጎንብሰው በጣቶቹ መሀል በቀረው ቀዳዳ አዩ።

«ባዶ ነው» አሉ መልከጼዴቅ። «ባዶነቱን ለካሜራ ላሳይ ብል እንኳ አይዘረጋልኝም።»

አስካል እጁን እንደ ትኩስ ድስት ለቀቁት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቀስ በቀስ ነው የታጠፈው። እባካችሁ ለሮሐ እንዳትነግሯት። ለነርሷም። ሦስተኛ ፎቅ ይወስዱኛል። እዚያ ካርታ የለ፣ ጨዋታ የለ። ይቺን ጠረጴዛ ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?»

«ማነው ሦስተኛ ፎቅ ይወስዳሉ ያለው?»

«እርስዎ ነዎታ!»

ወይዘሮ አስካል ነጠላቸውን አጣፉና ተነሡ።

«ሾፌር፣ ተከተለኝ። ሄጄ በዓይኔ አያለሁ።»

ሊፍቱ ውስጥ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል። ሦስተኛ ፎቅ በሩ ሲከፈት በመጀመሪያ እኔን አስወጡ፣ ወጥመድ ካለ መጀመሪያ እሱን ይያዘው ብለው መሰለኝ። አቶ ተስፋሚካኤል መስኮት ሥር፣ ተራራውን ፊት ለፊት እያዩ፣ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ወፍረዋል።

አስካል ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ። «በደንብ ይመግቡዎታል? አስረው ነው የሚያስተኙዎት? ነርሷ እየሰማች ከሆነ ዓይንዎን ጨፈን ያድርጉ።»

«ኧረ ምን ሆነዋል ወይዘሮ አስካል?»

«ለምን አወጡዎት ታዲያ?»

«ማን አወጣኝ? ለምኜ ነው የወጣሁት።»

«ለምን?»

አቶ ተስፋሚካኤል እርዳኝ በሚል ዓይን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«እንግዲህ አይቀየሙኝ፣ ከእርስዎ ሸሽቼ ነው። ስስል ምልክት ነው አሉኝ። ጆሮዬን ሳክ ምልክት ነው አሉኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር እኮ!»

«ጆሮዎንስ? ጆሮዎንም ጉንፋን ይዞት ነበር?»

አቶ ተስፋሚካኤል ዳዊታቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። መጽሐፍ ይዘው መዋሸት አልሆነላቸውም።

«ጆሮዬስ... ምልክት ነበር። ያለኝን ካርታ ለመልከጼዴቅ ለመጠቆም። እሱ ግን አንድ ቀን አልተቀበለኝም። እንዲያውም ጆሮዬን በያዝኩ ቁጥር አንገቱን ያዞር ነበር።»

ይህን ሲሉ ዳዊቱ ዘንበል አለና ከመሀሉ አንድ ካርታ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጆከሩ ነው፣ ቆቡን እንዳጠለቀ ይስቃል።

«ይሄስ?» አሉ አስካል።

«ዕልባት ነው።»

አስካል ጎንበስ ብለው አነሡት። ያን ያህል ጊዜ ያደኑትን ሌባ አግኝተው አልሰደቡም። ፊታቸው ላይ ያየሁት ድል አልነበረም፤ ጆከሩን ይዘው ወደ ሊፍቱ ሄዱ።

ስንመለስ አቶ መልከጼዴቅ እንደተውናቸው ተቀምጠዋል። አስካል ጆከሩን ፊታቸው አኖሩ።

«ሦስተኛ ፎቅ ያለው ይሄና ተራራ ነው። ሌላ ምንም የለም። ተስፋሚካኤል እንኳ ወፍሯል። አሁን ነርሷን ልጠራ ነው።»

«ወይዘሮ አስካል! ለመንኩዎት እኮ!»

«ሌባ ነው ብዬ ስጮህ የዋልኩ ሴትዮ፣ ታሞ ሳገኝዎት ዝም ልል ነው?»

ነርሷ ቢታንያ እዚሁ አሜሪካ የተወለደች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ይደናቀፋል። እጁን ገለባብጣ አየችው። «አቶ መልኬ፣ ለምን አልነገርሽኝ... አልነገሩኝም? ይሄ እኮ ቴራፒ አለው። ሦስተኛ ፎቅ? ማን አለ? እዛ ቪው አለው፣ ተራራው ስለሚታይ ወረፋ ነው!»

አስካል ቦርሳቸውን ከፍተው የሌለ ነገር ይፈልጉ ጀመር።

ሐኪም አየ። ጣቶቹ እንደ ድሮው ባይሆኑም ኦፕራሲዮንና ልምምድ ይረዳል አለ። ቀጠሮ ተያዘ። ከምትኖርበት ከኢንስፒራዳ ሰፈር ሮሐ እየበረረች መጥታ አባቷን ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ እንደገና ተቆጣች። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ቴራፒስቱ ልምምድ አዘዘ። ምን ቢያዝ ጥሩ ነው? ፊኛ! በተዘረጋ መዳፍ ፊኛ መምታት። እናም አቶ መልከጼዴቅ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም የሜሪ ደንበኛ ሆኑ። ወይዘሮ አስካልም አብረው ይገባሉ። «ሜሪ ስትቆጥር ታጭበረብራለች፣ ሰው መኖር አለበት» ነው ምክንያታቸው።

ወደ ካርታው የተመለስን ዕለት አቶ መልከጼዴቅ በአንድ እጅ አደሉ። ጨዋታው አልቆ ሊነሡ ሲሉ ቀኝ እጃቸው በልማዱ ከፍ አለ። ግራው በፋሻ እንደተጠቀለለ ጭናቸው ላይ ቀረ። ቀኙ አየር ላይ ብቻውን ቆመ። ሦስታችንም አየነው።

«ምን ይገተራሉ?» አሉ አስካል፣ ግራ መዳፋቸውን ዘርግተው። «ይምቱ እንጂ፣ ካሜራው እየጠበቀ እኮ ነው!»

ጧ። ገልበጥ። የአቶ መልከጼዴቅ ቀኝ፣ የወይዘሮ አስካል ግራ፣ ወደ ጣሪያው። ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ጠቋሚ ብቻ ነው፣ እሱም አላጉረመረመም።

ደስ የሚል ነገር ነው፣ አልክድም፤ ዓይኔንም ጠርጌያለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ጆከሩ እየዞረ የሚገባው ወይዘሮ አስካል ጋ ነው። ተሸናፊው ደግሞ ሁልጊዜ እኔ። ትናንት ፊሊፒናዊቷ አሮጊት አፍንጫዬን በፊኛ ሲሉኝ፣ አንድ ነገር በራልኝ። ሁለቱ ሲያጨበጭቡ ለጣሪያው የሚታየው የአንዱ ቀኝና የአንዷ ግራ ነው። የቀሩት ሁለት እጆች ያን ጊዜ የት ናቸው?

ከጠረጴዛው ሥር።