ከሥራ ሰዓት ውጭ የተወለደችው ጥጃ

ባሏ ከሞተ ወዲህ የካሮት ማሳዋንና ሁለት ላሞቿን ብቻዋን ይዛ የምትኖር ሴት ነበረች። ሰፈሩ «እትዬ ካሮት» ይላታል። ጉልበቷን እያመማት ነው፤ ሰው እንዳትቀጥር አቅም የላትም። የእርሻ ማሠልጠኛው «ተለማማጅ እንላክልሽ?» ሲላት፣ ቃሉን ሳታስጨርሰው ፈረመች።

የመጡት ግን የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ሆነው ተገኙ። ሠላሳ ዓመት የአሠሪና ሠራተኛ ቢሮ ኃላፊ ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ አፈር መንካት አማራቸው። የተለማማጆችን ደንብ ያረቀቁት እሳቸው ናቸው፤ «ጋሼ አንቀጽ» የተባሉትም ለዚህ ነው። አዲስ ቦት ጫማ ተጫምተው፣ ወፍራም ፋይል ታቅፈው መጡ።

«እንኳን ደህና መጡ። አረሙ እዚያ ጋ ነው» አለች እትዬ ካሮት።

«እሱማ አይሆንም» አሉ ፋይሉን ገልጠው። «ተለማማጅ የሠራተኛ ቦታ አይሸፍንም። የምሠራው ለትምህርቴ እንጂ ለእርስዎ ጥቅም መሆን የለበትም።»

«ታዲያ አረሙን ማን ይንቀል?»

«እርስዎ። እኔ እያየሁ እማራለሁ።»

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። እሷ ወገቧን ይዛ ትነቅላለች፤ እሳቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጽፋሉ። አንዳንዴም «እባክዎ ቀስ ይበሉ፣ አልደረስኩብዎትም» ይሏታል። ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ይሄዳሉ። «ረዳት ስጠብቅ ተመልካች ወረደብኝ» አለች ለጎረቤቷ።

አንድ ቀን እንደልማዳቸው ወጥተው በሩ ጋ ሲደርሱ ትንሿ ላም አማጠች። የጥጃዋ አንድ እግር ወጥቶ ሌላው ታጥፎ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይድረሱልኝ!»

ሰዓታቸውን አዩ። «የሥራ ሰዓት እኮ አልፏል፤ በዚያ ላይ...»

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህን አምጣ!»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አንተ» ያላቸው አልነበረም። ኮታቸውን ወረወሩ። እሷ የታጠፈውን እግር አቃናች፣ አብረው ሳቡ፤ ጥጃዋ ሹልክ ብላ ጭናቸው ላይ ወደቀች። ጋሼ አንቀጽ ጭቃው ላይ እንደተቀመጡ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

ክፋቱ፣ ሐቀኛ ሰው ናቸው። ሁሉንም በዕለት ሪፖርታቸው ላይ ጽፈው ላኩት። በሳምንቱ የአሠሪና ሠራተኛ ቢሮው ተቆጣጣሪ ደረሰ፤ ድሮ እሳቸው ያሠለጠኑት ወጣት ነው።

«እማማ፣ ተለማማጅ ከሰዓት ውጭ ለጥቅምዎ አሠርተዋል። ይህ ያስቀጣል» አላት።

«ልጄ፣ ሰዓቱን የመረጠችው ላሟ! እሷን ቅጣ።»

«አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ለማለት አልነበረም!» ብለው ጋሼ አንቀጽ ጮኹ።

«ጋሼ፣ ‹የጸሐፊው ሐሳብ አይጠየቅም፣ ፊደሉ ይነበባል› ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለ ወጣቱ በትሕትና። ያረቀቁት ደንብ እንደ ባለጌ ልጅ አፈጠጠባቸው።

ያኔ እትዬ ካሮት ጠየቀች፦ «ደንቡ ስለ እንግዳ ምን ይላል?»

ተቆጣጣሪው ገጾቹን ሁለቴ አገላበጠ። «ስለ እንግዳ... ምንም።»

«እንግዲያው ልምምዱ ቀረ። ከዛሬ ጀምሮ እንግዳዬ ናቸው።»

ወጣቱ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሄደ። እንግዳውም በማግስቱ ከፀሐይ በፊት በሩን አንኳኩ። ምሳ የለ፣ እሑድ የለ፣ ሲነቅሉ ይውሉ ጀመር፤ አረሙን ከካሮቱ ለመለየት ግን ሁለት ወር ፈጀባቸው። በዚያ ዓመት ምርቱ በግማሽ ቀነሰ። የእትዬ ካሮት ጉልበት ግን ተሻለው፤ ማሠልጠኛው «ሌላ ተለማማጅ እንላክልሽ?» ቢላትም «እንግዳ አለብኝ» ብላ መለሰች።