የገዲሴ የስብርባሪ ግድግዳ

ገዲሴ ሞልቱ በዘይት ፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት ግድግዳ ላይ ስብርባሪ ብረት ትሰቅላለች ሲባል፣ ንፋስ ስልክ ውስጥ ያላወራ የለም። አንዱ "መተት ነው" አለ። ሌላዋ "ለባሏ ነው፤ ያመሸ ቀን በየትኛው እንደምትመታው እንዲመርጥ" አለች። እውነቱ ግን ከሐሜቱ ይብስ ነበር፤ ገዲሴ እንግሊዝኛ እየተማረች ነው።

የፉሪ ገበሬ ልጅ ናት። የኑግ ዘይት ፋብሪካው ገና የፈረንጅ ሳለ በጽዳት ተቀጠረች። ፋብሪካው ሲወረስ የግምጃ ቤቱ ሹም ቁልፉን ጥሎ ጠፋ። የትኛው ቡሎን በየትኛው ሳጥን እንዳለ የምታውቅ፣ አቧራውን ስትጠርግ የኖረች እሷ ብቻ ሆነችና ቁልፉ ወገቧ ላይ ታሰረ። ከቁልፉ ጋር አንድ ሕግ ወረሰች፤ አሮጌውን ያላስረከበ አዲስ አይወስድም። ሹም ሁን፣ የክርስትና አባቷ ሁን፣ ስባሪህን ይዘህ ና!

ያስቸገራት ቅጹ ነበር። መለዋወጫ ከውጭ የሚታዘዝበት ቅጽ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዕቃው ምን እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ አለው። መካኒኮቹ እዚያ ላይ የሚያውቁት አንድ ቃል ነው፤ ብሮክን፣ የተሰበረ። ቺንጊያ ቢበጠስ ብሮክን፣ ቱቦ ቢቀደድ ብሮክን። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ታዲያ ዕቃው ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ "እንዴት ሆኖ ተሰበረ?" ጥያቄና መልሱ ሲመላለሱ ማሽኑ ሦስት ወር ይቆማል።

ገዲሴ ይህ ቢያንገበግባት የማታ ትምህርት የምታስተምራትን ተናኘን ያዘቻት።

"ቲቸር፣ ፈረንጅ ስንት ዓይነት ስብራት አለው?"

"ኧረ ብዙ ነው።"

"እሺ፣ ከአንዱ እንጀምር።"

ተናኘ መዝገበ ቃላቷን አዋሰቻት። ከዚያ ወዲያ የገባ ስባሪ ሁሉ ምስማር ላይ ተሰቀለ፣ ከሥሩ በካርቶን ቃሉ ተጻፈ። ጥርሱ የተሸረፈ ማርሽ፣ ቺፕ። በቁመቱ የተተረተረ የመዶሻ እጀታ፣ ስፕሊት። ድንገት ቀጭ ያለ ሽቦ፣ ስናፕ። የተቀደደ ሸራ፣ ቴር። ድቅቅ ያለው የመለኪያ መስታወት በከረጢት ተንጠልጥሎ፣ ሻተር። ሳይለያይ መስመር ብቻ ያበጀው፣ እንደ ነቃ ገንቦ ማለት ነው፣ ክራክ። ብሬክ የሚለውን፣ የብሮክንን ሥር ቃል፣ ግን ምስማር ነፈገችው።

"እሱ ቃል እንደ ቀበሌ ሱቅ ነው" አለች። "ሁሉም ይሰለፍበታል፣ የፈለገውን ግን የሚያገኝ የለም።"

ሳቁባት። እሷ የሞላችው ቅጽ ሲላክ ግን የሚመጣው ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ዕቃ ሆነ።

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ የምርት ዘመቻው ሲጧጧፍ፣ የሁለተኛው መጭመቂያ ሻፍት፣ የሚሽከረከረው የብረት ዘንግ፣ ማሽኑን በሚነዳው በሸምሱ እጅ ለሁለት ሆነ። የፋብሪካው ካድሬ ጓድ አባይነህ እየሮጠ ደረሰና አንድ ቃል ተናገረ፤ "አሻጥር!"

ያን ጊዜ ይህ ቃል ከሻፍቱ ይከብድ ነበር። በእሱ የተወሰደ ሰው፣ ሚስቱ ስንቅ ይዛ ከእስር ቤት እስር ቤት ትንከራተታለች። የሸምሱ ሚስት ሙፊዳ ደግሞ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ናት።

አባይነህ ሸምሱን በሁለት ጥበቃ አስይዞ ግምጃ ቤት ገባ። ክሱ እንዲጸና የግምጃ ቤቱ ቅጽ ተያይዞ መቅረብ አለበት።

"ጓድ ገዲሴ፣ ጻፊ። ብሬክ። ሰባሪው ሸምሱ።"

"ስባሪው የታለ?"

"ምን ያደርግልሻል?"

"ሕጉ ነው። አዲስ ሻፍት አይፈልጉም?"

ሁለቱ ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ ዷ ብለው አረፉ። ገዲሴ ጎንበስ ብላ የተሰበረውን ፊት አየች፣ በጣቷ ዳሰሰች፣ አሸተተች። ሠራተኛው በሩን ሞላው። ሸምሱ "እትዬ ገዲሴ፣ በአላህ..." ሲል፣ "ዝም በል፣ እያነበብኩ ነው" አለችው።

ከዚያ ቀና አለች። "ይኸው ይዩት። ግማሹ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ይሄ ዛሬ የተሰበረው ነው። ግማሹ ጥቁር ነው፤ የኑግ ዘይት ጠጥቷል። ዘይት በስንጥቅ ይገባል እንጂ በድፍን ብረት አይገባም።"

"ከተሰበረ በኋላ ነዋ የነካው!"

"እንዲያ ቢሆን ሁለቱም ግማሽ ይጠቁር ነበር። ብረቱ አስቀድሞ ነቅቷል።"

"እኛ ሳንነቃ ብረቱ ነቃ!" አለ ከበሩ አንድ ድምፅ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ሦስት ሰዎች "እኔ ነኝ" ይላሉ፤ ያን ቀን ግን እኔ ነኝ ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

አባይነህ ፊቱ ቀላ። "ነቅቶ ከነበረ ሸምሱ ለምን አልተናገረም?"

"ስንጥቁ ኩሽኔታው፣ ሻፍቱን የያዘው ቀለበት፣ ሥር ነው። እሱን ለማየት ማሽኑ መቆም አለበት።" ገዲሴ ድምፅዋን አላነሳችም። "ዘመቻ ነው ብሎ አርባ ቀን ማሽን እንዳይቆም ያዘዘው ማን ነበር?"

ሠራተኛው በሙሉ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ያ ጣሪያ እንደዚያን ቀን ተመልካች አግኝቶ አያውቅም።

"አንቺን ለዚህ ሥራ ማን ሾመሽ?" አለ አባይነህ።

"መጥረጊያው።"

"እንግዲያው ወደ መጥረጊያሽ! ቁልፉን አምጪ!"

"አመጣለሁ። መጀመሪያ ልፈርም፤ ቁልፉ ወገቤ ላይ እስካለ ፊርማው የእኔ ነው።"

ብዕሩን አነሳች። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። መጀመሪያ ክራክ፣ ከሥሩ ስናፕ። የሰባሪ ስም የሚል ቦታ ቅጹ ላይ ስለሌለ አልጻፈችም። ፈረመች፣ ማኅተሙን መታች፣ ከዚያ ከወገቧ ፈትታ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

በዚያ ወረቀት ክሱ አልጸና አለ። ሸምሱ በሳምንቱ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ሙፊዳም ወንድ ልጅ ወለደች። ገዲሴ ግቢ ጠራጊ ሆነች። ቁልፉን የተረከበው ሮበሌ ስባሪ በመጣ ቁጥር ይዞት ወደ ግቢው ይወጣል፤ እሷም መጥረጊያዋን ተደግፋ አይታ፣ "ቺፕ። ገና ይሠራል" ትለውና ጠረጋዋን ትቀጥላለች።

በሦስተኛው ወር ሮበሌ ምርር ብሎት ቁልፉን ይዞ መጣ።

"እባክሽ ውሰጂልኝ፤ ከላይም ተፈቅዷል።"

ገዲሴ እጇን አልዘረጋችም። መጀመሪያ ያለቀውን መጥረጊያዋን አስረከበችው።

"አሮጌውን ሳላስረክብማ አዲስ አልወስድም።"