ሸጎሌ ድረስ ለአንድ ኪስ

ማለዳ፣ ጳውሎስ

ገና ሳይነጋ ከቤት ወጣሁ። ከጳውሎስ ሸጎሌ ቅርብ ነው የሚል ሰው በሚኒባስ የኋላ ወንበር ሄዶ አያውቅም። እኔ ሄጃለሁ፤ ስሳፈር ጎልማሳ ነበርኩ፣ ስወርድ ሽማግሌ። አጠገቤ ነጭ ጋዋኗን ያቀፈች የሕክምና ተማሪ ትከሻዬን ትራስ አድርጋ ተኝታለች። ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው!" ይላል፤ ያ አንድ ሰው ሦስት ሆኖ ገባ።

የጠራችኝ የባለቤቴ ታናሽ እህት ሰናይት ናት። ሸጎሌ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ማኅበር ትመራለች። ባለፈው ያስረከቡት ሱሪ ኪሱ እየተተረተረ ትምህርት ቤቱ መልሶባቸዋል። ዛሬ ከሰዓት የተስተካከለውን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ደግሞ ከተበላሸ ትዕዛዙ ለሌላ ይሰጣል፣ ማኅበሩም ይበተናል። እኔ ደግሞ የፋብሪካ ጥራት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ስለ አጠቃላይ የጥራት ሥራ አመራር ያልወሰድኩት ሥልጠና የለም፤ በየሥልጠናው የበላሁት ብስኩት ቢከመር እንጦጦን ያክላል።

ረፋድ፣ ሸጎሌ

ከታክሲ ስወርድ የተቀበለኝ የበግ መንጋ ነው። ሻጩ አንዱን ሙክት ቀንዱን ይዞ፣ "ጋሼ፣ ይሄ በግ እንዳይመስልህ፣ በሬ ነው!" አለኝ። በማጋነን የሚበልጠኝ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል።

በቆርቆሮው ቤት ውስጥ የስፌት መኪኖች ይንጫጫሉ። ግድግዳው ላይ "ጥራት የሁላችን ኃላፊነት ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የመጨረሻውን ፍተሻ የምትሠራው ሜሮን ጥግ ላይ አቀርቅራለች። ተጠግቼ ሳይ እየፈተሸች አይደለም፤ ኪስ እየሰፋች ነው።

"ይሄ ያንቺ ሥራ ነው እንዴ?"

"ቀስ ይበሉ ጋሼ! የእትዬ ብርቄ ነው። ክሩ እየላላ ነው፤ ሳያዩኝ ደግሜ እሰፋዋለሁ።"

"ለምን አትነግሪያቸውም?"

"ውይ! መርፌ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። በምን አፌ?"

ለካ ሜሮን አንድ ቀን ለቅሶ ሄዳ ቀርታ ነበር። የተመለሱት ሱሪዎች የዚያን ቀን የወጡት ናቸው።

እኔ ባለሙያው ልነግራቸው ተነሣሁ። ወዲያ ማዶ መኪናቸው ላይ ያጎነበሱትን የአንጋፋዋን ሰፊ የእትዬ ብርቄን ጤና ጠየቅኩ፣ ልጆቻቸውን ጠየቅኩ፣ የጎረቤታቸው ላም ሳትቀር ጠየቅኩ።

"አንተ፣ ምን ፈልገህ ነው?"

"እ... ማለቴ፣ በቃ ሰላም ልበልዎ ብዬ።"

ያ ሁሉ ሥልጠና ይሉኝታ ፊት ሲቀርብ ተንበረከከ።

ነገሩን ለሰናይት ስነግራት በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ራሷ አጣማ የቆረጠችውን ጨርቅ ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሳየች።

"ይሄን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ የተበላሸ ሁሉ ወደ ሠራው ሰው ይመለስ። ከኔ ጀምሩ።"

ሜሮን አንድ ሱሪ ይዛ፣ እንደ ሙሽራ እየተሽኮረመመች እትዬ ብርቄ ጋ ሄደች። እሳቸው የኪሱን ክር ሳብ ሲያደርጉት ተተረተረ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሸፍኝልኝ?"

"እ... ቆይቷል እትዬ።"

"አንቺ ሞኝ! መኪናው ነው እኮ ክር የሚያላላው። ብትነግሪኝ አላስጠግነውም ነበር? እጄ ገና አልደከመም እያልኩ የኮራሁት በአንቺ እጅ ነው ለካ!"

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። መካኒክ ተጠራ፣ መኪናው ተስተካከለ፣ የላላው ኪስ ሁሉ ተፈትቶ እንደገና ተሰፋ። ምሳ ያስታወሰ አልነበረም፤ ከኔ ሆድ በቀር።

ከሰዓት፣ እዚያው

የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ኃላፊ መጡ። ጡጫቸውን ኪስ ውስጥ ከተው እንደ ረባሽ ተማሪ ጎተቱት። ፍንክች አላለም። ሌላም ጎተቱ፤ ያም እንደዚያው። ሊረከቡ ሲሉ እትዬ ብርቄ ከታሰረው ክምር መሃል አንድ ሱሪ መዘዙ።

"ይሄ አይሂድ። ሳይፈታ ያመለጠን ነው። የኔ ሥራ ነው።"

የሰናይት ፊት ዓመድ መሰለ። ሰውየው ሱሪውን አዩ፣ እትዬ ብርቄን አዩ።

"እናቴ፣ ሳንይዘው ራሱ የሚናገር ሰፊ ዛሬ ገና አየሁ" አሉ። "ይሄን አስተካክላችሁ ላኩልን። የሌሎቹን ክፍሎች ዩኒፎርምም እናንተው ስፉት።"

ሰናይት አንቃ ልትገድለኝ እስክትደርስ አቀፈችኝ፤ ምንም ባልሠራም ምስጋናው አልጎዳኝም። ታክሲ ልይዝ ስወጣ ከኋላዬ የሜሮን ድምፅ ተሰማ።

"እትዬ፣ ይቺም ትመለስ።"

"አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ጀመርሽ!"

ዘወር ብዬ ሳይ ግን እትዬ ብርቄ እጃቸውን ዘርግተው ነበር።