የፖምፓዋ ብሎን

ዓመቱን ጠይቃችሁ አታድክሙኝ፤ ጠፍቶብኛል። ጫኖ ላይ ማንጎው የሚረግፍበት ወቅት እንደነበር፣ እኔም ገና ያላገባሁ ጎረምሳ እንደነበርኩ ግን አልረሳሁም። ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የልጄ የአስቴር መኪና ነው።

አስቴር አስተማሪ ናት። ያረጀች ኮሮላ አለቻት፤ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ ስትወጣ ታቃስታለች። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ስልኳን አሳየችኝ። መሪው ስር የምትሰካ፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ቺፕ የሚሏት ነገር አለች። ለሞተር ጉልበት ትጨምራለች፣ ቤንዚን ትቆጥባለች ይላል ማስታወቂያው።

"አባ፣ ልግዛት?" አለችኝ።

ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ስለ ቺፕ ምን አውቃለሁ? "ቆይ፣ ሰው ልጠይቅ" አልኳት። እንዲህ ያልኩት ግን ባለማወቄ ብቻ አልነበረም።

ያኔ ሲቀላ ውስጥ ሐጂ ከድር ለሚባሉ ነጋዴ እነዳ ነበር። መኪናዋ አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ናት። ከቆላው ከጫኖ ሙዝ ጭኜ ተራራው ላይ ወዳለችው ኦቾሎ እወጣለሁ፤ ስመለስ ገብስና ድንች፤ ስወጣም ስወርድም ከላይ ሰው። ዳገቱ ላይ በእግሩ ከሚሄድ ሰው ጋር ወሬ እየተጫወትን እንወጣ ነበር፤ ፍጥነቷ ይኸው ነው። አንድ ሌላ ሹፌር ሁልጊዜ ከኋላ መጥቶ ያልፈኛል። ሲያልፍም አንገቱን አውጥቶ፣ "አንተ! ወርደህ ግፋት እንጂ!" ይለኛል። ሙዙ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ይንከተከታሉ። ከነሱ መሃል የአንዷን ሳቅ እወደው ነበር፤ በእኔ ላይ ሲሆን ግን ያመኛል።

አንድ የጋራዥ ወዳጄ ምስጢር ነገረኝ። ለሞተሩ ናፍጣ የምትመጥነው ፖምፓ ላይ በእርሳስ ማኅተም የታሸገች ብሎን አለች። ስትዞር ናፍጣው ይበዛል፣ ጉልበቱም ይጨምራል። "ሩብ ዙር፤ ከዚያ አይለፍ" አለኝ። ሐጂ ደግሞ ቁልፉን የሰጡኝ ቀን፣ "ያቺን እርሳስ እንዳትነካ። መኪናዋን ሳይሆን አንተን ነው የማምነው" ብለውኛል።

እርሳሷን በፒንሳ ቆረጥኳት። ብሎኗን ሩብ አዞርኳት። ሩብ ጥሩ ከሆነ ሙሉ አይሻልም? ብዬ ሙሉ አዞርኳት።

በማግስቱ ጧት መኪናዋ በረረች። ያን ሹፌር ጥዬው ሁለት ኩርባ ወጣሁ። ጥቁር ጭስ ሙዙንም ሴቶቹንም አልብሷል፤ እኔ ግን ፊት ፊቴን እንጂ ኋላዬን አላይ፣ የሙቀት መለኪያውንም መርፌ አላይ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ፈነዳና ሞተሩ ቀጥ አለ። የሞተሩ ክዳን፣ እኛ ቴስታ የምንለው፣ ተጣሞ ነበር። ያ ሹፌር ደርሶ ሴቶቹን ጫነልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላለኝም፤ ዝምታው ከስድቡ ባሰብኝ።

ጋቢና ከጎኔ ተቀምጠው የነበሩ አንድ የኦቾሎ ሽማግሌ ሸማኔ ብቻ አልሄዱም። ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጠው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ኩርኩፋ ፈቱ፤ የበቆሎው ድቡልቡል ከሽፈራው ቅጠሉ ጋር ገና ለብ ያለ ነበር። ከታች አባያ ሐይቅ ቀይ ሆኖ ተኝቷል።

"ሐጂን ምን ልትላቸው ነው?" አሉኝ።

"አርጅታለች፣ በራሷ ጊዜ ቆመች እላለሁ።"

መዳፋቸውን ዘረጉ። ጋቢናው ወለል ላይ የጣልኳት እርሳስ ናት። "ይቺስ?"

እጄን ዘርግቼ ተቀበልኳቸው።

"እኔ በዚች መኪና ስንት ጊዜ የሸመንኩትን ጋቢ ጭኜ ወርጃለሁ። ዝግ ትላለች፤ ገበያ ግን አምልጦኝ አያውቅም። በል ብላ።"

መኪናዋን አስጎትተን ስንወርድ፣ ሲቀላ መግቢያ ላይ ካለው ቦይ ዳር ሽማግሌው እርጥብ ሣር ነቀሉ። ጋሞ ውስጥ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከፊትህ ከቆመ የተቆጣ ሁሉ ይበርዳል፤ እምቢ አይባልም። ለደምና ለድንበር የሚያዝ ሣር ለብሎን ሲያዝ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐጂ የአገሩ ተወላጅ ባይሆኑም ነገሩን ያውቁታል። ሣሩን ሲያዩ ደንግጠው ከሱቁ ወጡ። "አባ፣ ማን ሞተ?"

"የሞተ የለም። ልጁ ይናገር።"

ተናገርኩ። ሐጂ የተጎተተችውን መኪና ዞረው አዩ።

"ሙሉ ዙር?"

"ሙሉ።"

"ያ አላህ!" አሉና እርቁን ተቀብለው ከሽማግሌው እጅ አንድ ዘለላ ሣር ወሰዱ። "ተጠግና ስትወጣ አንተው ትነዳታለህ። ብሎኗን ግን በገዛ እጅህ ወደ ቦታዋ ትመልሳለህ፤ እኔ ቆሜ እያየሁ።"

ከዚያ በኋላ ዓመታት በዝግታ ነዳኋት። ያ የምወደው ሳቅም ጋቢና ገባ፤ የአስቴር እናት ናት።

ስለ ቺፑ የሰፈራችንን መካኒክ ጠየቅሁት። "ቱርቦ የሚሉት አየር መጭመቂያ ላላት አዲስ መኪና ኮምፒውተሯን በሚያውቅ ሰው ሲስተካከል ይጠቅም ይሆናል። ለዚች ግን መብራት የምታበራ ጌጥ ናት" አለኝ። አስቴር የአየር ማጣሪያውንና ካንዴላዎቹን ቀየረች። ሴቻ ዳገት ላይ አሁንም ታቃስታለች፤ ግን ትወጣለች። እኔም አቃስታለሁ። ያረጀ ነገር ጉልበት ሲጨመርበት ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቀረው ዕድሜ ነው።

ይህን ሁሉ ጨርሼ ስነግራት አስቴር አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ የሸማኔውን ስም። ዓመቱ ይጥፋ እንጂ ይህስ አይጠፋኝም።

አንጁሎ ዳልኬ ነበሩ።