የኦቦ ቶሎሳ ቦይለር

ሥራዬ ፋብሪካዎች እውቀታቸውን እንዴት እንደያዙ እየለካሁ ነጥብ መስጠት ነው። ሰበታ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሄጄ «የቦይለር ኦፕሬተራችሁ ቢቀር ምን ይውጣችኋል?» ብዬ ሥራ አስኪያጁን ጠየቅኩት።

«ኦቦ ቶሎሳ ዛሬም ታመው ቀርተዋል። ማኑዋሉን እያየሁ ቦይለሩን ራሴ አስነሳሁት» አለኝ። ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።

ሊያሳየኝ የእንፋሎት ቦይለሩ ክፍል ይዞኝ ሲገባ ቧንቧው እንደ ጉድ ያፏጫል፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ የግፊት መለኪያው መርፌ ጫፍ ደርሷል። የኦቦ ቶሎሳ ስልክ አይነሳም። ሥራ አስኪያጁ ማኑዋሉን ያገላብጣል። እኔ ወደ በሩ አፈገፈግኩ። ልጆቼ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

በዚህ መሐል የኦቦ ቶሎሳ ባለቤት የሐኪም ወረቀት ይዘው ከተፍ አሉ። ወረቀቱን እኔን አስያዙና «ዞር በል ልጄ» ብለው ሥራ አስኪያጁን ገፋ አደረጉት። እሳቱን አጠፉ፤ ጥግ ያለችውን ቀይ ቫልቭ ቀስ አድርገው ከፈቱ። ፉጨቱ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ አለ።

«እዚህ ሠርተው ያውቃሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ ዛሬ ገና ማየቴ ነው! ቶሎሳ ግን በእንቅልፍ ልቡ ‹እሳቱን አጥፉ! የጥጓን ቀይ ክፈቱ!› እያለ ሲጮህብኝ ይኸው ሃያ ዓመቱ።»