አፈር የለበሰው አፅም

ሥራዬ ቅርስ መጠበቅ ነው። ሰቆጣ ላይ ቅርስ ሲባል ለሰው ሁሉ የሚታየው ቤተ ክርስቲያንና ብራና ነው፤ ድንጋይ የሆነ አጥንትም ቅርስ ነው ስል አለቆቼ ሳይቀሩ ይስቁብኛል። ይሳቁ! ከጽጽቃ ወዲያ፣ የአንዲት ባልቴት ማሳ ጥግ ላይ፣ ጎርፍ በሸረሸረው ገደል ውስጥ ያንን አጥንት ያየሁ ዕለት የምናገረው ነገር በዓይን የሚታይበት ቀን መጣ ብዬ ነበር።

ወፍራም የጭን አጥንት፣ ጥቂት የጎን አጥንቶች፣ የተደረደረ አከርካሪ፤ ሁሉም ከአለቱ ጋር አንድ ሆነዋል። ሴትዮዋን አጠገቤ አስቀምጬ በደንብ ነገርኳቸው። የሰው አይደለም፤ እነዚህ ተራሮች የዛሬ መልካቸውን ሳይዙ በፊት የኖረ እንስሳ ነው፤ የተኛበት አፈርም እንደ አጥንቱ ስለሚያስፈልግ አዋቂ መጥቶ እስኪያየው ማንም እንዳይነካው አልኩ። አማርኛቸው ኽምጥኛ ኽምጥኛ ይላል እንጂ ካልኩት አንዱም አላመለጣቸውም። እጠብቃለሁ አሉኝ፤ አመንኳቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የአገራችን ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ተመራማሪ ይላክልኝ ብዬ ስወተውት በጀት የለም ይሉኛል፤ በጀቱ ሲገኝ መንገዱ ይዘጋል፤ መንገዱ ሲከፈት መኪናው ለስብሰባ ወጥቷል። በዚህ መሃል ክረምቱ ገባ። የቢሮው ቆርቆሮ በዝናብ ሲንጫጫ እኔ የማስበው ያንን ገደል ብቻ ነበር።

ተመራማሪዋ በስንት ልመና መጣችና ይዣት ወረድኩ። ገደሉ ተንዷል፤ አጥንት የሚባል የለም። ሌባ ነው ብዬ ስሳደብ የሰማ አንድ ጎረቤት ገበሬ መጥቶ አረጋጋኝ፤ አልተሰረቀም፣ ተቀብሯል አለኝ፣ ደስ እንዲለኝ ብሎ። ጎርፉ አጥንቱን ማንከባለል ሲጀምር ሴትዮዋ ለቃቅመው፣ አጥበው፣ በአቡጀዲ ጠቅልለው የሰው አፅም ነው ብለው ቤተ ክርስቲያን ወስደውታል። እኛ ዘንድ ሜዳ ላይ የተገኘ የሰው አፅም አፈር ሳይለብስ አያድርም። ቄሱ ፍትሐት አድርሰው ከሙታን መሃል አስቀበሩት። ትልቅነቱም አላስገረማቸውም፤ የጥንት ሰው ግዙፍ ነበር ይባል የለ!

ገበሬው ሌላም ነገረኝ። የሴትዮዋ ልጅ ለሥራ ባሕር ተሻግሮ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። መርዶ አልመጣም፤ መርዶ ካልመጣ ደግሞ አይለቀስም። በዚያ ቀብር ላይ ግን ፎቶውን ደረታቸው ላይ ይዘው አልቅሰዋል፤ አጥቢያው በሙሉ አብሯቸው አልቅሷል።

ይህን ሰምቼም ቤታቸው የገባሁት እንደተናደድኩ ነው። እናቴ፣ የእንስሳ ነው ብዬዎት አልነበረም ወይ አልኳቸው።

"ነግረኸኛል፣ አልረሳሁም" አሉኝ። "እንስሳም ቢሆን እናት ነበረችው። የኔንም ልጅ አንድ የማያውቀው ሰው እንዲህ ለቅሞ ቀብሮት ይሆናል እያልኩ ነው የቀበርኩት።"

ትቻቸው ወጣሁ። ተመራማሪዋ ደጅ ሆና እየጠበቀችኝ ነበር። ቦታው ቢጠፋም አጥንቱ ራሱ ብዙ ይነግረናል፣ በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም፣ ቄሱን ጠይቀን እናስወጣው አለች። ልክ ናት። መጠየቅም አያስፈልግም ነበር፤ የእንስሳ አጥንት ነው ካልኳቸው ከክርስቲያን መቃብር በዚያው ቀን ያስወጡታል። ሴትዮዋ ግን ከዚያ ወዲያ በየትኛው ፊታቸው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ? ለልጃቸው የፈሰሰው ያ ሁሉ እንባስ ምን ሊባል ነው?

ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ቄሱ መቃብሩ ዘንድ ይዘውን ሄዱ። ሴትዮዋም ተከትለውን መጥተው ነጠላቸውን አጣፍተው ከአጥሩ ወዲያ ቆሙ።

"አንተ የተማርክ ነህ" አሉኝ ቄሱ። "የሰው ነው አይደል?"

ተመራማሪዋ ዞር ብላ አየችኝ። ይህን ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ስፈልገው የኖርኩት ነገር እግሬ ሥር ነበር።

"አዎ አባ" አልኩ፣ "የሰው ነው።"

ተመራማሪዋ ባዶ እጇን ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። እኔም ከዚያ ወዲህ ሰው ላኩልኝ ብዬ የምጠይቅበት አፍ የለኝም።