ለየኔታ የልጅ ልጅ የወጣው ዕጣ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ በማስተምርበት ክፍል «ሰው ተፈጠረ ወይስ በዝግመተ ለውጥ መጣ?» ለሚለው ክርክር ዕጣ አስወጣሁ። ዝግመተ ለውጥን እንድትደግፍ የወጣላት ልጅ ከዝናብ የገባች ነበረችና፣ የእርጥብ ጋቢዋ ሽታ አያቴን አስታወሰኝ።

ደብረ ወርቅ ተማሪ ሳለሁ ለእኔም ያው ዕጣ ወጥቶልኝ ነበር። አያቴ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸው። «የየኔታ የልጅ ልጅ ከዝንጀሮ መጣሁ ልትል ነው!» ተባለና ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ዝናብ እየመታኝ፣ እያለቀስኩ ቤት ገባሁ።

አያቴ ጋቢያቸውን ደረቡልኝ። «መጽሐፉን አንብቢልኝ» አሉና የባዮሎጂ መጽሐፌን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ።

«ይሄማ ሰውና ዝንጀሮ ከአንድ ጥንታዊ ዘር ተለያዩ ነው የሚለው። የሳቁብሽ አላነበቡትም። እኛ ጉባኤ ቤት የባላጋራውን ቃል አጣሞ የሚናገር ተማሪ ያፍራል። የእነሱንም የራስሽንም አቃንተሽ ንገሪያቸው።»

በክርክሩ ቀን ክፍል ውስጥ እንዳሉኝ ነገርኳቸው። መጀመሪያ የእነሱን ሐሳብ ከእነሱ አሳምሬ አስረዳሁ፤ ቀጥዬ የእኔን። ስጨርስ የሳቁብኝ ሁሉ ቆመው አጨበጨቡ። ጭቃውን እየረጨሁ እስከ ቤት ሮጥኩ።

«አባባ፣ ረታሁ!»

«እሰይ የኔ አንበሳ!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ የብራና መጽሐፋቸውን ከማኅደሩ አወጡና ተመቻችተው ተቀመጡ። «በይ አሁን ደግሞ እኔን ርቺኝ።»

ይኸው እስከ ዛሬ በየበዓሉ እንከራከራለን፤ አልረታኋቸውም፣ አልረቱኝም።

ዛሬ ጓደኞቿ ሲስቁባት የዚያች ልጅ ዓይን እንባ አቀረረ። ወንበር ሳብኩላት።

«ነይ፣ መጽሐፉን አንብቢልኝ» አልኳት።